እናት ጋ የማይደወልበት ጨዋታ

ሱዓድን ሥራሽ ምንድን ነው ያላት ሰው እንደሆነ ስልክ ጠጋኝ ነኝ ትለዋለች። ውሸት አይደለም። ጋአን ሊባህ በሚባል የሐርጌሳ ሰፈር ዴቆ በምትባል ሶማሌ ሴትዮ ሱቅ ተቀጥራ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር የተሰነጠቀ ስክሪን ትቀይራለች፣ ውሃ የገባበት ስልክ ታደርቃለች። ሐርጌሳ ያለው ሐበሻ የሚያውቃት ግን በዚህ አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ቴሌግራም ላይ በምትለቀው ጨዋታ ነው።

ጨዋታ ሲባል የሚሮጥና የሚተኩስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው። ሁለት ሦስት መስመር ጽሑፍ ይመጣላችኋል። ከሥሩ ሁለት ወይ ሦስት ቁልፍ አለ። አንዱን ስትጫኑ ታሪኩ በዚያ በኩል ይሄዳል፣ ሌላውን ብትጫኑ ሌላ ታሪክ ይሆናል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሕጉም አንድ ብቻ ነው፤ መነሻው፣ መካከሉ፣ መጨረሻዎቹ በሙሉ፣ ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ተደምሮ ከሦስት መቶ ቃል እንዳይበልጥ። ሦስት መቶ አንድ ከሆነ ቡድኑ ቆጥሮ ይደርስበታል፣ እየሳቀ ይመልስባታል።

ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ፈረንጆች በተቆጠረ ቃል ጨዋታ እየሠሩ ሲወዳደሩ ኢንተርኔት ላይ አይታ፣ ይኼማ ለእኛ የተፈጠረ ነው አለች። እውነቷን ነው፤ የእኛ ሰው ጊዜ የት አለው? ሰው ቤት የምትሠራዋ የምትጫወተው እመቤቷ ሰግዳ እስክትነሣ ነው። አያሃ ሰፈር ያለው የቀን ሠራተኛ ሲሚንቶው እስኪቦካ ነው፣ ሾፌሩ ደግሞ ኬላ ላይ ወረቀቱ እስኪመለስለት። ሦስት መቶ ቃል ለዚህ ሁሉ ልክ ነው።

ከሠራቻቸው ሁሉ ስሙ የወጣው «ፍየሉ» የሚባለው ነው። ኬላ ላይ ቆማችኋል፤ የትራንዚት ወረቀታችሁን ፍየል በላው። ፍየሉን ታባርራላችሁ ወይስ መኮንኑን ትለምናላችሁ? አራት መጨረሻ አለው። በአንደኛው መኮንኑ ማኅተሙን አውጥቶ ፍየሉ ላይ ይመታበታል። ዴቆ አማርኛ አንድ ቃል አትሰማም፤ ሱዓድ በሶማልኛ እያነበበችላት ስንት ጊዜ ተጫወተችው፣ ሁልጊዜም ለፍየሉ ታዝናለች።

ደግሞ በሁሉም ጨዋታ ውስጥ የማይቀር አንድ ቁልፍ ነበር፤ «እናት ጋ ደውል» የሚል። ምንም አይጠቅምም። እናት ትነሣና በልተሃል ወይ ትላለች፣ ወይ የጎረቤት ላም ወለደች ትላለች፣ ከዚያ ወደነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። ከሦስት መቶው ቃል ሃያውን የምትበላው እሷ ናት፣ አንድም ሰው ግን አጉረምርሞ አያውቅም። እንዲያውም ብዙው ሰው ከሁሉ በፊት የሚጫነው እሷን ነው። ሱዓድ ይኼን ታውቃለች፣ ትኮራበታለችም።

ከተጫዋቾቹ ሁሉ ቀንደኛው ፍሬሰንበት ነው። የመተሃራ ልጅ ነው፤ ከበርበራ ወደብ እስከ ድንበሩ ቶጎ ውጫሌ ድረስ ተሳቢ ይነዳል። ሌላው ሰው አንድ መጨረሻ ላይ ደርሶ ስልኩን ኪሱ ሲከት፣ እሱ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሣና ያልገባበትን በር ሁሉ ይገባል። ሲጨርስ «ሁሉንም ከፍቻለሁ» ብሎ ቡድኑ ላይ ይጽፋል። በሐርጌሳ ሲያልፍ ሱቁ ጎራ ይልና ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ከጎረቤቷ ከሻይ ሻጯ ከሳምሳም የግመል ወተት ሻይ ያስመጣሉ፣ የትኛው መጨረሻ ይሻላል እያሉ ይጨቃጨቃሉ። በመካከላቸው ሌላ ነገር አለ የሚል ሰው አልጠፋም። ያውራ፤ አፍ መች ሥራ ፈትቶ ያርፋል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው እሑድ ጠዋት ነው። ደምሴ ሱቁ ድረስ መጣ፤ የሾፌሮቹን እድር የሚመራው፣ ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘው ሽማግሌ። ወንበር ብትሰጠው አልቀመጥም አለ። የፍሬሰንበት እናት፣ እማማ ከበደች፣ መተሃራ ላይ ካረፉ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። እህቱ ደምሴ ጋ ደውላ አደራ ብላለች፤ ፍሬ በሰው አፍ እንጂ በስልክ እንዳይሰማ። ሱዓድ ደግሞ ቡድኑን ትጠብቅ፤ አንድ ሞኝ ተነሥቶ እግዜር ያጽናህ ብሎ ቢጽፍ ቶሎ ታጥፋ።

ለምን ዛሬውኑ አትነግሩትም ብላ ጠየቀች። ደምሴ በትዕግሥት አስረዳት። አንደኛ፣ ጭነት ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ጓደኛቸው መሪ ላይ እያለ በስልክ ሰምቶ፣ በርበራ መንገድ ላይ ከነዱቄቱ ተገልብጧል፤ ከመኪናው ያወጣው ደምሴ ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ሰው ቀኑን ከሰው ጋ እያለቀሰ ይውላል እንጂ ብቻውን ለሌሊት አይተውም። ሦስተኛ፣ ከሦስት ሰው ባነሰ አይሆንም፣ አንዱም ሽማግሌ መሆን አለበት። ስለዚህ ፍሬሰንበት መኪናውን አቁሞ ሐርጌሳ ሲያድር፣ ሦስት ሆነው ማለዳ ይሄዱበታል።

ሱዓድ አልተከራከረችም። እሷም የኮምቦልቻ ልጅ ናት። የአባቷን መርዶ የሰማችው ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ አክስቶቿ በሩ ላይ ተደርድረው ቆመው ነው። ያን ጊዜ ስትወድቅ የያዟት እጆች እስከ ዛሬ ትከሻዋ ላይ ያሉ ይመስላታል። የወጉን ጥቅም ታውቃለች። ወላሂ ከእኔ አይወጣም ብላ ማለች፣ ደምሴም መርቋት ሄደ።

በዚያ ሐሙስ የምትለቀው ጨዋታ አልቆ ተቀምጧል። ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ልብስ ልታሰጣ ጣራ ላይ ወጥታ በሩ ከኋላዋ ይቆለፍባታል፤ አምስት መጨረሻ አለው። በመካከሉ እንደ ልማዷ «እናት ጋ ደውል» የሚለውን አስገብታለች። ልትለቀው ስትል ጣቷ እምቢ አላት። ፍሬሰንበት በር የማያልፍ ሰው ነው፣ ይጫነዋል። ተጭኖት የጨዋታዋ እናት ተነሥታ በልተሃል ብትለውስ? አጠፋችው። የተረፋትን ቃል ምን እንደምታደርግበት ጨንቋት አንዷን ብቻ «ንፋስ» ብላ ሞላቻት፣ የሐርጌሳ ንፋስ እንደሆነ አያልቅም።

ቡድኑ ጮኸ። እናትየዋስ የት ሄደች? ቃል አልበቃኝም አለች ሱዓድ። 31 ሜይ ሰፈር የምትኖረው ኡምሰልማ ምን ታረግ፣ ተቀምጣ ቆጠረችና ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ተርፎሻል ብላ ጻፈችባት። ሱዓድ አፈረች። ሌላ ውሸት አልመጣላትምና ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ጥገናዋ ተመለሰች።

ፍሬሰንበት አንድ ቃል አልጻፈም። እሱ ግን እየተጫወተ ነበር፤ ማን የትኛውን በር ስንት ጊዜ እንደከፈተ በእሷ በኩል ይታያል። አምስቱንም መጨረሻ በመጀመሪያው ቀን አገኘ። ከዚያ ሁሉንም ከፍቻለሁ ብሎ እንደማረፍ እንደገና ጀመረ። ሃያ ስድስት ጊዜ። በማግስቱ አርባ ደረሰ። በርበራ ላይ ወረፋው ቢበዛበት ነው አለች ሱዓድ። ወደብ ላይ ሰው ምን ይሠራል?

በሚቀጥለውም ሐሙስ እናት የለችም፣ በሌላውም። ሰዉ ለመደው። ፍሬሰንበት ግን ያው፣ አንዱን ጨዋታ ሠላሳ አርባ ጊዜ እየገባ ይወጣል።

እማማ ከበደች ባረፉ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ፍሬሰንበት ሐርጌሳ አደረ። ደምሴ ማለዳ አንድ ሰው ይዞ ሄደ፤ ሦስተኛው ቶጎ ውጫሌ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቀርቷል። ሁለት ሆኖ መርዶ እንዴት ይሆናል? ከፍሬሰንበት ጋ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ጎማ አንድ ሰዓት አወሩና ተመለሱ። በሃያ ሰባተኛው ቀን ደግሞ ሦስቱም ተገኙ፣ ነገር ግን ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ሆነ። ነገ ማለዳ እንመለሳለን ብለው ተለያዩ። እሱ ግን ማታውኑ ለጭነት ተጠርቶ ወደ በርበራ ወረደ።

ሱዓድ አሁን ተናደደች። ለቀብሩ አልደረሰም፣ ያ አለፈ። የቀረው አርባዋ ነው፤ እህትየዋ ተዝካሩን የምታወጣበት፣ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቀን። ያም ካለፈው ሰው በሌለበት መቃብር ላይ ብቻውን ሊቆም ነው። የሱቁ ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ላይ ቀኑን በእርሳስ ከብባለች፤ ቅዳሜ ይውላል። ለደምሴ ደውላ፣ ጋሼ ቀኑ እየሄደ ነው አለችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አላት። ያልቸኮለችውስ መቼ ጋገረች ልትለው ነበር፣ ለዕድሜው ብላ ተወችው።

ረቡዕ ዕለት፣ በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ ፍሬሰንበት ሐርጌሳ መግባቱን ሰማች። ደስ አላት። ነገ ማለዳ ቢነግሩት፣ ነገውኑ በቶጎ ውጫሌ ተሻግሮ፣ ጅጅጋ ወይ ሐረር አድሮ አርባዋ ላይ ይደርሳል። ወዲያው የደምሴ ስልክ መጣ። ሦስተኛው ሰው የሚገባው አርብ ነው፣ ቅዳሜ ማለዳ እንነግረዋለን አለ። ሱዓድ ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። ቅዳሜ ማለዳ ሐርጌሳ ላይ መርዶ የተረዳ ሰው ቅዳሜ መተሃራ አይደርስም። ይኼን ለማወቅ ሾፌር መሆን አያስፈልግም፣ የሚገርመው ሾፌሮቹ ራሳቸው አለማወቃቸው ነው። ወይ ደግሞ ያውቃሉ፣ ሕጉ በልጦባቸው ነው።

በዚያው ዕለት ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ፍሬሰንበት ራሱ ሱቁ መጣ። ከስቷል። ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል። ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሻይ ልዘዝልህ ስትለው በእጁ ተይው አላት። ዴቆ ጥግ ላይ የስልክ ካርድ እየደረደረች ነበር፤ ሰላም አለችው፣ አንገቱን ነቀነቀላት።

«አራቱንም ጨዋታሽን ተጫወትኩ» አለ።

«አይቻለሁ። ስንት ጊዜ ነው የምትደጋግመው?»

«በእውነት ሁሉንም መክፈቴን ለማየት ነው። የሆነ ቦታ የደበቅሽው በር ይኖራል ብዬ ነበር። ትነግሪኛለሽ ብዬ።»

ሱዓድ የያዘችውን ትንሽ መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ምኑን ልንገርህ ልትለው አፏን ከፈተች። ፊቱን አየችና ዘጋችው።

እሱ ነገራት፣ ድምፁን ሳያነሣ። በዘጠነኛው ቀን ከበርበራ ለእህቱ በቪዲዮ ደውሎ ነበር። እህቱ ነጠላዋን ቶሎ ከራሷ ላይ አወረደች፣ ፈገግም አለች፣ ከጀርባዋ ያለውን ግን ረሳች። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ግድግዳው ላይ ተደግፈው ተደርድረዋል፤ እነዚያ ወንበሮች ሰው ቤት የሚመጡት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እማዬስ አላት። ጠበል ሄዳለች አለችው። ሰላም በይልኝ ብሎ ዘጋው። ከዚያ ዱቄቱን ጭኖ ነዳ፣ አራግፎ ተመለሰ። ሐርጌሳ ላይ ደምሴ ሰው ይዞ ሲመጣ፣ ዛሬ ነው ብሎ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። ስለ ጎማ አወሩ። በሁለተኛው ጊዜ ሦስት ሆነው ሲመጡ በቃ አሁን ነው አለ። ነገ እንመጣለን ብለው ሄዱ።

ለምን ታዲያ አውቄያለሁ አላልካቸውም አለችው ሱዓድ።

«ሰው ራሱን በራሱ ያረዳል እንዴ?» አላት። «ብቻዬን ሞክሬዋለሁ፣ መኪና ውስጥ፣ መስኮት ዘግቼ። እማዬ ሞተች አልኩ። ዕንባዬ አልመጣም። ሰው ሳይነግረኝ ምን ብዬ ላልቅስ? ሁሉም ደኅና ናት እያለኝ፣ እኔ ብቻዬን ልገድላት ነው?»

ሱዓድ ያን ጊዜ በሁሉም ላይ ተናደደች፤ በደምሴ፣ በእህትየዋ፣ ከሁሉ ይልቅ በራሷ። ደኅና ደብቄያለሁ ብላ ከጨዋታው ያወጣቻት እናት ለዚህ ሰው መጥፋቷ ነበር የታየው። ሌላው እናትየዋስ ብሎ ሲጮህ እሱ ያልጠየቀው ስለሚያውቅ ነው፣ ይኼን እንኳ አላስተዋለችም። አርባ ጊዜ በር ሲያንኳኳ ወደብ ሰልችቶት ነው ብላ ተኛች። መሐላ አፍርሶ የሞተ ሰው የለም፤ የዚህ ሰው ሐዘን ግን ሠላሳ ሰባት ቀን ደጅ ቆሟል።

ተነሥታ ዴቆ ጋ ሄደች። በሶማልኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እናቱ ሞታለች፣ እስካሁን የነገረው የለም፣ አሁን ልነግረው ነውና አብረሽኝ ቁሚ አለቻት። ዴቆ ካርዶቹን ተወቻቸው። ወጥታም ሳምሳምን ጠራቻት፤ ሳምሳም ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ አውርዳ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ዴቆ የሱቁን የብረት በር እስከ ወገብ ድረስ ወደ ታች ሳበችው። ሦስት ሆኑ። ሽማግሌ የሚባል በመካከላቸው የለም፣ ሰዓቱም ከጎሕ ርቆ ፀሐይ ወጥታለች። ሁለቱ አማርኛ አያውቁም።

ፍሬሰንበት ሲመጡ አያቸው። ሦስቱም ዙሪያውን ሲቆሙ ከወንበሩ ተነሣ። እንደ ሰው ልጅ ሁሉ እንደማያውቅ ሆኖ ቆሞ ጠበቀ።

«ፍሬ» አለች ሱዓድ፣ «እናትህ እማማ ከበደች አርፈዋል።»

ጮኸ። ከአንጀት የሚወጣ ጩኸት ነው፤ መንገድ ላይ ያለው ሰው ቆመ። እማዬ እያለ ወደቀ፣ ዴቆ በአንድ ብብቱ፣ ሳምሳም በሌላው ያዙት፣ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት። ዴቆ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን እያለች ደጋገመች። ሱዓድ አጠገቡ ተቀምጣ አብራው አለቀሰች። መቼ ነው፣ ምን ነካት፣ ማን አጠባት፣ ስንተኛ ቀኗ ነው እያለ ጠየቃት። የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሁሉ ጠየቃት፣ እሷም አንድ በአንድ መለሰችለት።

ለደምሴ የደወለችለት እሷው ናት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የብረቱን በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ፍሬሰንበትን መሬት ላይ ፊቱ በዕንባ ርሶ አየው፣ ከዚያ ሱዓድን አያት። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ቁጣ አልሸሸገውም። ቀኑ ይኼ አልነበረም፣ ሰዓቱ ይኼ አልነበረም፣ በሴት በሱቅ ውስጥ መርዶ የት አገር ነው የተሰማው ሊላት ነበር። ሱዓድም ልትመልስለት ተዘጋጅታ ነበር፤ አንድ ወር ሙሉ የታመቀ ቃል ነበራት፣ ሦስት መቶ አይበቃውም።

ፍሬሰንበት ቀደማቸው። የደምሴን እጅ ያዘና ወደ ራሱ ሳበው።

«ጋሼ ደምሴ» አለ፣ «ሰሙ ወይ? እማዬ ሞታብኛለች። አሁን ነው የሰማሁት፣ አሁን ገና።»

ደምሴ ኮፍያውን አውልቆ ሲሚንቶው ላይ ከጎኑ ተቀመጠ። የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ አለው፤ ጭነቱን እኔ አደርሳለሁ፣ አንተ ነገ ጠዋት ትሻገራለህ፣ ቅዳሜ ትደርሳለህ። ከዚያ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ፣ ከፍሬሰንበት ይልቅ ጮክ ብሎ አለቀሰ።